አፉ ያላልኩህ ምሳ

ሁሴኔ፣ የልጆቼ አባት፣ የአላህ ሰላም ባለህበት ይድረስህ፤ ቀብርህን ያስፋልህ።

ከተለያየን ረመዳን ዞሮ መጣ። ባለፈው ረመዳን ማለቂያ ላይ ነበር ጥለኸን የሄድከው፤ ዛሬ የዘንድሮው የመጀመሪያ ቀን ነው። ዓመቱን ሙሉ ልጽፍልህ እያሰብኩ እተወው ነበር። የምተወው ሐዘን ይዞኝ ብቻ አይደለም፤ ተቀይሜህ ነው። አገር ሁሉ አፉ ብሎ የሸኘህን ሰው እኔ ሚስትህ አፉ አላልኩህም። ይህን ለማን እነግራለሁ? ለልጆቹ ብነግር ይደነግጣሉ፣ ለጎረቤት ብነግር ወሬ ይሆናል። ስለዚህ ለራስህ ልንገርህ ብዬ ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። አዳማ ያው አዳማ ናት፤ ሙቀቱም አቧራውም እንደተውካቸው ናቸው። ከሉካንዳህ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ስለሰፋ በረንዳህ ተቆርጧል። ደንበኞችህ ተቀምጠው የሚጠብቁባት አግዳሚ ወንበር ግቢ ገብታ ዶሮ ይሰፍርባታል። ልጃችን አብዱ ባጃጁን ሸጦ ሥራህን ይዟል። ቢላዋ አያያዙ እንዳንተ አይደለም፣ ሥጋውን ያሰቃየዋል፤ ግን ጠባይህን ወርሷል። በቀደም አንድ ደላላ ከደራ ከተማ አንገቱን የደፋ በሬ በርካሽ ሊያሲዘው መጥቶ፣ አብዱ፣ በሬው ሲያመሰኳ ቆሜ ካላየሁት አልገዛም ብሎ መለሰው። ደላላው እየተሳደበ ሄደ። እኔ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። እህቱ ዘይነባ ባቱ ከተማ ከባሏ ጋር ደህና ናት። በየቀኑ ትደውላለች፤ ስትደውል ግን ሰላምታዋ ያጠረ ነው፣ እንደ ነርስ ስለ መድኃኒቴ ነው የምትጠይቀኝ።

አዎ፣ እኔንም ስኳር አግኝቶኛል። ካንተ በኋላ ሰውነቴ ሲከሳ፣ ውሃ ሲጠማኝ፣ የሐዘን ነው ብዬ ዝም አልኩ። አብዱ ጎትቶ አስመረመረኝ። እስካሁን በክኒን ነኝ። እንግዲህ አልጋው ብቻ ሳይሆን በሽታህም ለእኔ ተረፈ።

ሰው ስላንተ ሲያወራ እሰማለሁ። ሥጋ ሻጭ ሆኖ ሳይታሙ መኖር ቀላል አይደለም፤ አንተ ግን ሳትታማ ኖርክ። ይሄ የትናንት ነው እህቴ፣ ለጥብስ አይሆንሽም፣ ቀቅለሽ ብዪው እያልክ ገዢ ስትመልስ ስንቴ ሰምቼሃለሁ። መዝነህ ካበቃህ በኋላም ምራቂ ሳትጥል ማንንም አትሸኝም ነበር። የዚያ አረፋ ዋዜማ ትዝ ይልሃል? ሰልፉ ፋርማሲው በር ደርሶ፣ ያረድከው በሬ ጉበቱ ተበላሽቶ ስታገኘው፣ ደብቀህ እንደ መጣል ከፍ አድርገህ ለሰዉ ሁሉ አሳየኸው። ከዚያ ሥጋውን ከነቆዳው አስቀበርከው። ለበዓሉ ያሰብነው ሁሉ አብሮ ተቀበረ። እኔ አኩርፌ ጀርባዬን ሰጥቼህ ስተኛ፣ አንተ ለጥ ብለህ ታንኮራፋ ነበር።

ላንጋኖስ? ዘይነባ የተመረቀች ጊዜ ወሰድከን። ሆቴሉ የሚያቀርበውን ሥጋ ማን እንዳረደው ካላወቅኩ አልበላም ብለህ አስተናጋጁን አስጨነቅከው። ልጁ ኩሽና እየሮጠ ይጠይቃል፣ ይመለሳል፣ አንተ ሌላ ጥያቄ ትጨምራለህ። በመጨረሻ ሐይቁ ዳር ወርደን ከቤት የያዝነውን ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በላን። ልጆቹ በአባታቸው አፍረው ራቅ ብለው ተቀመጡ። አንተ ሱሪህን ጠቅልለህ ውሃው ውስጥ ስትገባ፣ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ እግርህን አይቼ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ያኔ እግርህ ገና ደህና ነበር፤ ስኳሩ አልነካውም።

ወደ ሆድህ የሚገባውን እንዲህ አጥብቀህ የምትጠይቅ ሰው ነበርክ። ሆድህ ባዶ ሲውል ግን ማንንም አልጠየቅክም።

ስኳሩ ከያዘህ በኋላ ወጥ ቤቴ ሌላ ሆነ። ዘይቱን ቀነስኩ፣ ጨዉን ቀነስኩ፣ ነጩን ዳቦ ከቤት አስወጣሁ። የገብስ ቂጣ፣ ጎመን፣ ምስር። የሆስፒታል ምግብ እያልክ ታሾፍብኝ ነበር፤ ግን ትበላልኝ ነበር። ያለፈው ረመዳን ሊገባ ሲል ሐኪሙ መርፌ የሚወስድ ሰው ስለሆንክ መጾም የለብህም አለህ። አላመንከውምና ኡስታዙ ጋ ሄድን። እሳቸውም፣ በሽተኛ እንዳይጾም የፈቀደለት አላህ ራሱ ነው፣ ሰውነትህም ያንተ ንብረት አይደለም፣ የአላህ አደራ፣ አማና ነው፣ ለቀረህ ቀን ሁሉ ሚስኪን አብላ፣ አለቀ አሉህ። አንገትህን ደፍተህ እሺ አልክ። የጾሙን ምትክ፣ ፊድያውንም፣ እህል ገዝተህ ለሚስኪኖች ሰጠህ። እኔ ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ተገላገልኩ አልኩ።

በየጠዋቱ መርፌህን የምወጋህ እኔ ነበርኩ። አብዱና ሚስቱ እየጾሙ ፊታቸው አልበላም፣ ሱቅ ሄጄ እበላለሁ ስላልከኝ፣ ቁርስህንም ምሳህንም በምሳ ዕቃ አድርጌ እሰጥህ ነበር። ማታ ዕቃው ባዶውን ይመለሳል፤ ያውም ታጥቦ። ባሌ በስተርጅና ዕቃ ማጠብ ጀመረ ብዬ ለጎረቤት ተኩራርቼብሃለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከከሰዓቱ የአስር ሰላት በኋላ፣ ሥጋ መክተፊያው ግንድ ላይ እንደተደገፍክ ቀረህ። ደንበኞችህ በባጃጅ ጭነው ሆስፒታል አደረሱህ። እኔ ስደርስ ላብ በላብ ሆነህ፣ ብጠራህ አትሰማም። ሐኪሟ፣ ስኳሩ እጅግ ወርዷል፣ መርፌ ወስዶ ምግብ ሳይበላ ቀርቶ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በልቷል፣ እኔ ራሴ አዘጋጅቼ የሰጠሁትን በልቷል ብዬ በአላህ ስም ማልኩላት። በረመዳን፣ በጾም አፌ ማልኩ። ሳትነቃ በማግስቱ ሄድክ።

ቀብር ላይ አልነበርኩም፤ የሆነውን አብዱ ነው የነገረኝ። አፈር ሳትለብስ ኢማሙ ተነስተው፣ ሁሴን ላይ ሐቅ አለኝ የሚል ይናገር፣ የበደለው ሰው ካለም ለአላህ ብሎ አፉ ይበለው አሉ። ሰዉ ባንድ ድምፅ፣ አፉ ብለናል፣ ሁሴን የሰው ሐቅ የለበትም አለ። ይህን ስሰማ እንባዬ መለስ አለ። ባሌ ንጹሕ ሆኖ ሄደ ብዬ ተጽናናሁ።

መጽናናቴ ሦስት ቀን አልቆየም። ኦቦ ገመቹ ለልቅሶ መጡ፤ ከሉካንዳህ አጠገብ ያለውን የእህል መጋዘን የሚጠብቁት የሁሩታው ሽማግሌ። እሳቸው ጴንጤ ስለሆኑ የኛም ጾም የኦርቶዶክሱም ጾም አይመለከታቸውም። እጄን ጨብጠው እያለቀሱ፣ የዘይነባ እናት፣ ዋቀዮ ይስጥሽ፣ ረመዳኑን ሙሉ ምሳ ያበላኝ እሱ ነው አሉኝ። ሚስቴ ምግብ ታበዛለች፣ እንካ ብላልኝ ይለኝ ነበር፣ በልቼ ዕቃውን አጥቤ ነው የምመልስለት፣ እሱ ግን አንድም ቀን አብሮኝ ሲቀምስ አላየሁም አሉ። ደግሞም፣ አይክፋሽና ጨው ያንሰው ነበር አሉኝ።

ጨው ሲሉ ነው ሁሉም የገባኝ። ለኩላሊትህ ብዬ የቀነስኩት ጨው ነው። እሳቸው ምን ያውቃሉ? የተራበ ሰው የሰጡትን ይበላል፤ እግዜር ይስጥልኝ ለማለት ነው የመጡት። ያንተን ሕይወት እንደበሉ አልነገርኳቸውም፤ እስክሞትም አልነግራቸውም። ለልጆቹም አልተናገርኩም። ብቻዬን ይዤው ዓመት ሞላኝ።

ምን ነካህ ሁሴኔ? ፊድያውን ሰጥተህ ደግሞ ጾምክ፤ ጾመህም ምሳህን ሰደቃ አደረግክ። ለደንበኛ እንደምትጥለው ለአላህም ምራቂ ልጨምር ብለህ ነው? እሱ የጠየቀህ እኮ ከዚያ ያነሰ ነበር። ለማታውቃት ገዢ የትናንቱን የትናንት ነው የምትል ሰው፣ የበሬ ጉበት ለአገር ያሳየህ ሰው፣ የራስህን ሆድ ከእኔ ደበቅክ። በዕድሜህ የዋሸኸው እኔን ብቻ ነው መሰለኝ። ስለ መሐላዬ ኡስታዙን ምክንያቱን ሳልናገር ጠይቄያቸው ነበር፤ እውነት መስሎሽ ከማልሽ አላህ አይዝብሽም አሉኝ። አላህ ባይዝብኝም እኔ ባንተ ላይ ያዝኩት።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ መርፌው ነው። ምሳ እንደማትበላ እያወቅክ በየጠዋቱ ክንድህን ትሰጠኝ ነበር። እኔም ቢስሚላህ ብዬ እወጋህ ነበር። አላመመህም ወይ ብለው ስለ መርፌ የሚጠይቁት በሽተኛውን ነው፤ የወጋውን ማን ይጠይቃል? እጄን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ይህን ነው አፉ ልልህ ያቃተኝ።

አሁን የዛሬውን ልንገርህ። ዘንድሮ እኔም እንዳልጾም ተነግሮኛል። ኡስታዙም ላንተ ያሉህን ለእኔ ደገሙልኝ። እሺ አልኩ፤ አንገቴንም እንዳንተ ደፋሁ። ዛሬ ግን ሌሊት ለሱሁር ምግብ ከነአብዱ ጋር ተነሳሁና፣ ለማንም ሳልናገር በልቤ ልጾም ነየትኩ። አንድ ቀን ብቻ አልኩ፤ የመጀመሪያውን ብቻ። የአብዱ ሚስት እየጾመች ምሳዬን ሳትቀምስ ሰርታ፣ ሸፍና አስቀመጠችልኝና ወደ ገበያ ወጣች። ሰፈሩ ጭር ብሏል። ከልጅነቴ ጀምሮ በምጾመው ወር፣ ሁሉም በጾመበት ቀን፣ እኔ ብቻ እንደ ሕፃን ልበላ? አፈርኩ። ምሳው እንደተከደነ ቀረ።

ቀኑ ሲጋመስ ስኳሬ መውረድ ጀመረ። ያኔ ዘይነባ ደወለች። እማዬ፣ በላሽ? አለችኝ። በልቻለሁ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ምንም አልከበደኝም ሁሴኔ፣ እንደ አልሐምዱሊላህ ቀልሎ ሊወጣ ነበር። ልጄን ልዋሻት ክፉ አስቤ አይደለም። እሷም እንዳትጨነቅ፣ እኔም ከሰው ሳላንስ እንድውል፣ አላህ ፊትም ባዶ እጄን እንዳልቀርብ ነው። አንተን ያየሁህ እዚያች ላይ ነው። ዓመት ሙሉ ንቆኝ ነው፣ አታላይ ነው ስልህ ከረምኩ። አንተ ግን አፍረህ ነበር። ጾም ከሌለበት ሁሴን ምኑ ቀረው ብለህ ፈርተህ ነበር። ምነው ያኔ ለእኔ በነገርከኝ፤ አብሬህ አፍር ነበር።

አልበላሁም አልኳት። አለቀሰች። ስልኩን አልዘጋም፣ እማዬ፣ እስክትጨርሺ እሰማሻለሁ አለችኝ። ስልኩን አጠገቤ አስቀምጬ፣ በመስኮቱ የምግብ ሽታ እንዳይወጣ ዘግቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ ጎረስኩ። እንባዬና ወጡ እየተቀላቀለ በላሁ። ጾም ቀላል ነው፤ በረመዳን ጠራራ ፀሐይ መብላት ነው የሚከብደው። አንተን ያሸነፈህ ይሄ ነው፤ እኔንም ለጥቂት ነው የሳተኝ። እያንዳንዷን ጉርሻ ስውጥ ቅያሜዬም አብሮ ሲወርድ ይታወቀኝ ነበር። ስጨርስ ዘይነባ ስልኩን ዘጋች።

ስለዚህ አፉ ብዬሃለሁ፣ ሁሴኔ። የምሳውንም፣ የመሐላውንም፣ የመርፌውንም። ለአላህ ብዬ፣ ከልቤ። ከዛሬ ጀምሮ በእኔ በኩል ሐቅ የለብህም።

በየሰላቴ እጠራሃለሁ። ለልጅ ልጆችህ ስለ ቀበርከው በሬ እነግራቸዋለሁ፤ ስለ ምሳውም እነግራቸዋለሁ፣ አልደብቅልህም፤ ደግ ሰው በራሱ ላይ እንዴት እንደሚጨክን ይወቁት። ነገም እበላለሁ፣ ከነገ ወዲያም እበላለሁ፤ እያፈርኩም ቢሆን እበላለሁ። ካንተ የተማርኩትን ሁሉ እይዛለሁ፣ ይህን አንዱን ግን አልከተልህም። አላህ ሲጠራኝ መምጣቴ አይቀርም። ስመጣ ግን ርቦኝ አልመጣም።