ከለቅሶ ቤት ፈረስ አይወሰድም

ውድ አባባ፣

ደብዳቤ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በሕይወት ሳለህ መጻፍ አላስፈለገኝም። ኩሽና ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ የምሽቱን የሩጫ ፕሮግራም በመሃላችን ዘርግተን፣ በአንድ እርሳስ እየተጣላን ነው ዕድሜያችንን የገፋነው። አሁን እርሳሱን የሚቀማኝ የለም። የምነግርህ ነገር ስለ ባዝራችን ስለ ዝናብ ነው፣ ስለ ልጅህ ስለ ቬልተንም። ንዴቴ ገና አልበረደልኝምና ቃል እየመረጥኩ አልጽፍልህም።

በመጀመሪያ ግን ሳልነግርህ የቀረሁትን ልንገርህ። ኑዛዜህ ሲነበብ ቤቱ ለእኔ ለኦሬሊ፣ ፈረሶቹ ለቬልተን ሆነ። ማንም አልተገረመም፤ እኔም እንደሌላው ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ቤት ስገባ ግን የእቃ ማጠቢያውን ውኃ ከፍቼ አለቀስኩ። የፈረስ አረማመድ ማየት ያስተማርከው እኔን ነው። አጥር ላይ አስቀምጠህ «የትኛው ያመዋል?» ስትለኝ የወተት ጥርሴ እንኳ ገና አልወለቀም ነበር፤ ቬልተን ያኔ ረግረጉ ውስጥ ሞተር ሳይክል ይነዳ ነበር። ለእኔ ዓይኑን ሰጠኸኝ፣ ለእሱ ገመዱን። እንዲህ ያለ ክፍፍል ምን እንደሚያመጣ አንተ ታጣዋለህ ብዬ አላምንም፣ አባባ። አስበህበት ይሆናል፤ ከዚያም «ሴት ልጅ ጋጣ ምን ትሠራለች» የሚለው አሸንፎህ ይሆናል።

በተቀበርክ ዕለት የክርስትና አባቴ ክሌበር የዝናብን ጋጣ በር ላይ ጥቁር ሪባን ሰቀለ። ምስማሩን ሁለት ጊዜ ጣለው። የሪባኑን ነገር የነገርከኝ አንተ ነህ። ያኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት ሴት አንድ ደህና ቀይ ፈረስ በርካሽ ሩጫ አስገብታ «ዋጋውን ከፍለህ ለምን አትወስደውም?» ብዬ ጠየቅሁህ። በዚያ ዓይነት ሩጫ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ የተጻፈውን ዋጋ ከፍሎ የማንንም ፈረስ መውሰድ እንደሚችል፣ ባለቤቱም እምቢ እንደማይል ደንቡን ገና መማሬ ነበር። ኮፍያህን አወለቅህና «ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ከለቅሶ ቤት ፈረስ አይወሰድም» አልከኝ። ደንብ መጽሐፍ ላይ የለም። ግን እዚህ ሉዊዚያና ውስጥ፣ በእኛ ሜዳ ጀርባ ባሉት ጋጣዎች፣ ይህን የጣሰ ሰው ሲሞት ሬሳውን የሚሸከምለት አያገኝም።

ልጅህ ይህን ለቅሶ መነገጃ አደረገው። አንተ ከሞትክ ጀምሮ ፈረሶችህን ከአቅማቸው በታች ያስገባል፣ ያሸንፋል፣ ሽልማቱን ይወስዳል። ሊወስድበት የሚደፍር ስለሌለ አይፈራም። ሰዉ ያጉረመርማል፤ ግን በአንተ ስም ዝም ይላል።

ከዚያ አንድ ቀን፣ በሜዳው ማይክሮፎን ለተመልካቹ የማነበውን ግምት ላዘጋጅ የዓርብ ምሽቱን ፕሮግራም ስገልጥ ስድስተኛው ሩጫ ላይ የዝናብን ስም አየሁ። አውሎ ነፋሱ ጣራችንን በወሰደው ሳምንት ስትወለድ በእጅህ የተቀበልካት፣ ስሟንም በዚያው ያወጣህላት ዳማ ባዝራ። ባለፈው ሩጫዋ ከሠላሳ ሺህ ዶላር ፈረሶች ጋር ሮጣ ሁለተኛ ወጥታ ነበር። አሁን ከአምስት ሺህ ዶላሮቹ ጋር ገብታለች። «ደህና ዕቃ በርካሽ ሲቀርብ ካየሽ» ትለኝ ነበር፣ «ወይ ዕቃው ተሰንጥቋል፣ ወይ ሻጩ እንደማይሸጥበት ያውቃል።» እርሳሴን አስቀምጬ ወደ ጋጣው ሄድኩ። ሁለቱም ሆኖ አገኘሁት።

ዝናብ ግራ የፊት እግሯን በበረዶ ባልዲ ውስጥ ነክራ ቆማለች። እግሯን አውጥቼ ጣቴን ጅማቷ ላይ ሳሳርፍ ነጠቀችኝ። ከበረዶው ውስጥ ወጥቶ እንኳ ይግል ነበር።

«መጣች ደግሞ ነቢዪቱ» አለ ቬልተን ከኋላዬ።

«እግሯ ይግላል።»

«በዚህ ወበቅ የማን እግር የማይግል አለ?»

«አትቀልድ። ከሩጫው አውጣት።»

«ከእነዚያ አንካሶች ጋር በሦስት እግሯም ታሸንፋለች። አንቺ ማይክሮፎንሽን ያዢ፣ ልጓሙን ለእኔ ተዪው።»

«ሌላ ጊዜስ? በሚቀጥለውስ?»

«በሚቀጥለውም ታሸንፋለች። እስክትደክም።»

«አባባ ቢኖር ኖሮ—»

«አባባ ቢኖር ኖሮ ሪባኑ አይኖርም ነበር!» አለና ሳቀ። ይቅርታ አባባ፣ እንዲህ ነው ያለው።

የሜዳውን ሐኪም ሄጄ ለመንኩት። ጠዋት መጥቶ አያት። ሌሊቱን በበረዶ ሲነከር ያደረ እግር ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፤ በሶምሶማ ወዲህ ወዲያ ስትሄድም አላነከሰችም። «የወንድምና የእህት ጠብ ውስጥ አታስገቢኝ» ብሎኝ ሄደ። ያን ጊዜ ከቬልተን እጅ የሚያወጣት አንድ መንገድ ብቻ እንደቀረ ገባኝ።

የክርስትና አባቴን፣ ፓረን ክሌበርን፣ ያገኘሁት የሸርጣን መረቡን ሲጠግን ነው።

«ፓረን፣ ዝናብን ይውሰዱልኝ» አልኩት። «እኔ ፈቃድ የለኝም፣ እርስዎ አለዎት።»

መረቡን ከጉልበቱ ላይ አወረደው። «ምን ነካሽ አንቺ? ሪባኑን እኮ በገዛ እጄ ነው የሰቀልኩት።»

«ስላወቅሁ ነው የመጣሁት።»

«ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። ከእንግዲህ ከሰው የምፈልገው የሬሳ ሳጥኔን የሚሸከሙ ስድስት ትከሻዎች ብቻ ነው። እሱንም ልትወስጂብኝ ነው?»

ስለ እግሯ ነገርኩት። ቬልተን ምን እንዳለ ነገርኩት። ስለ ሪባኑ የተናገረውን ስነግረው መረቡን አጣጥፎ ከጎኑ አኖረው።

«ከወሰድኳትስ በኋላ?»

«ከቤትዎ ጀርባ ሣር ላይ ይልቀቋት። ዳግም ኮርቻ አይጫንባት።»

«ደንቡን ታውቂዋለሽ አይደል? የመውሰጃ ወረቀቱን የዳኞቹ ሳጥን ውስጥ ብጨምርም መጀመሪያ ትሮጣለች። የመነሻው በር ሲከፈት የኔ ትሆናለች፤ ብትቆምም ብትወድቅም። ብታሸንፍ ሽልማቱ የሱ ነው።»

«አንድ ሩጫ ነው፣ ፓረን። ይህን ካለፈች ዳነች።»

«አባትሽ ይቀየመኛል።»

«አባባ ሞቷል። እሷ ናት ገና ያልሞተችው።»

ይህን በማለቴ አትቀየመኝ። እሱ እንኳ አልተቀየመኝም፤ ተነስቶ ኮፍያውን አደረገ።

ዓርብ ምሽት ዓይኔ እንዴት ተስሎ እንደነበር ብታይ ትኮራብኝ ነበር፤ እኔ ግን አፍሬበታለሁ። ማይክሮፎኔን ይዤ ፈረሶቹ የሚታዩበት ቦታ ቆምኩ። በመጀመሪያው ሩጫ ከውስጥ በኩል የሚነሳውን የሚያሯሩጠው የለም፣ ብቻውን መርቶ ይገባል አልኩ፤ ገባ። በሦስተኛው ሦስቱ ፈጣኖች እርስ በርስ ተቃጥለው ከኋላ የሚመጣው ግራጫ ይለቅማቸዋል አልኩ፤ ለቀማቸው። በአምስተኛው ሁሉም የወደደውን ፈረስ አንገቱ ላይ ላቡን አይቼ ጣልኩት፤ መጨረሻ ወጣ። አንድ ሰካራም አጥሩን ይዞ «ኦሬሊ! እኔን አግቢኝና ቤተሰባችን ይክበር!» እያለ ሰዉን ያስቃል። ከጎኑ ያለች ሴት «አንተን እንደ ፈረስ ካየችህማ ጥርስህን ቆጥራ ትሸሻለች» አለችው። እኔም ሳቅሁ።

ዝናብ ገባች። ሁለቱ የፊት እግሮቿ በነጭ ፋሻ ተጠቅልለዋል። ቆም ስትል ግራ እግሯን ወደፊት አስቀድማ ክብደቷን አነሳችለት። ይህን ማየት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እግሯ ታሟል ብዬ ብናገር ሰው ገንዘቡን ያተርፋል እንጂ እሷ ከመሮጥ አትቀርም፤ ሐኪሙ ደህና ናት ብሎ ፈርሟል። በሰዉ መሃል ፓረን ክሌበር ወደ ሳጥኑ ሲሄድ አየሁት። ኮፍያውን እንደ ቤተ ክርስቲያን አውልቆ ይዞት ነበር። ማይክሮፎኑን ወደ አፌ አስጠጋሁና «ስድስተኛውን ዝናብ ታሸንፋለች» አልኩ። እውነት ነው፣ ሌላ ምን ልበል? ከእሷ ጋር የሚሮጥ አልነበረም።

አሸነፈች፣ አባባ። ከመታጠፊያው ስትወጣ ጋላቢው ሬሚ እጁን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ጆሮዎቿን አቁማ፣ በገዛ ፈቃዷ፣ መስመሩን ከሁሉም ቀድማ አለፈች። ጮኼ ነበር። «ዳነች!» ብዬ ጮኼ ነበር፤ ማይክሮፎኑ ክፍት ስለነበር ሜዳው ሁሉ ሰማኝ። ከዚያ ሬሚ ሊያቆማት ቀና ሲል ግራ እግሯ ተሰብሮ ከሥሯ ከዳት። ድምፁን አልጽፍልህም፤ ታውቀዋለህ። ሬሚ ትከሻው ተሰበረ፣ ይድናል። እሷ ተነሳች። በሦስት እግሯ ተነስታ ቆማ፣ ምን እንደደረሰባት አልገባትም መሰለኝ፣ ወደ ጋጣዋ መሄድ ፈለገች።

አጥሩን ዘልዬ ስደርስ የሚገደል ፈረስ የሚከለልበትን አረንጓዴ መጋረጃ እየዘረጉ ነበር። ከዳኞቹ ዘንድ የሚላከው ሰውም መጣ፤ የተወሰደ ፈረስ ልጓም ላይ ምልክት ማሰር አለበት፣ ደንብ ነው። ምልክቱን በእጁ ይዞ ዙሪያውን አየ።

«የማን ናት?» አለ።

«የኔ ናት» አለ ፓረን ክሌበር።

መጋረጃው ገና አልተዘጋም ነበርና ሰዉ አየው። ዝም ያለ ሰው አልነበረም። አንዱ «የሙት ቤት ዘራፊ!» ብሎ ጮኸ። ያ አግቢኝ ሲል የነበረው ሰካራም ነው መሬት ላይ እንትፍ ያለው። ፓረን እንዲወስዳት የጠየቅሁት እኔ መሆኔን እንኳ አልተናገረም። ራሷን ደረቱ ላይ አስጠግቶ በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር አንሾካሾከላትና ለሐኪሙ ራሱን ነቀነቀለት።

ቬልተን የአሸናፊዎች ፎቶግራፍ የሚነሳበት ቦታ ብቻውን ቆሞ አገኘሁት። ፈረስ አልነበረውም፣ ፎቶግራፍ አንሺውም ካሜራውን አውርዷል።

«አየሽ?» አለኝ። «አሸነፈች። አልኩሽ እኮ።»

በጥፊ መታሁት። ሰው ፊት፣ አባባ፤ ልጅህን።

ዝናብን ፓረን በመኪናው ወስዶ ከሩዝ ማሳው ዳር ቀበራት። አብሬው የቆፈርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። በእሑዱ ቅዳሴ ሰላምታ ሲለዋወጡ ለእሱ እጁን የዘረጋለት አልነበረም፤ ዘሎ ዘሎ ከኋላው ያለውን ነው የሚጨብጠው ሰው። ለቬልተን ግን እየተሰለፉ አጽናኑት፤ «አባትህ ከሞተ ዓመት እንኳ ሳይሞላው እንዲህ ያድርግህ?» እያሉ። በሚቀጥለው ዓርብ ግምቴን ከማንበቤ በፊት በማይክሮፎኑ ተናገርኩ። ክሌበርን ፈረሷን ውሰድ ያልኩት እኔ ነኝ፣ የባዝራዋ እግር ታሞ ነበር፣ ወንድሜም ያውቅ ነበር አልኩ። ከዚያች ምሽት በኋላ ማይክሮፎኑን ወሰዱብኝ። ሥራዬን አጣሁ።

ፓረን ሲሰማ ተቆጣኝ። «ማን ተናገሪ አለሽ? እኔን ለቀረችኝ ዕድሜ ቢጠሉኝ ምን ይጎድልብኛል? አንቺ ግን እዚህ ነው የምትኖሪው!»

«እርስዎም እዚሁ ነው የሚኖሩት» አልኩት። ያን ቀን ጋምቦ ወጥ ሠርቶ አበላኝ። በርበሬውን አብዝቶት ሁለታችንም እንባችን ወረደ፤ ማናችንም በርበሬው ነው ብለን አላመካኘንም።

አሁን ለምን እንደምጽፍልህ ልንገርህ። ቬልተን የዝናብን ታናሽ እህት፣ ጤዛን፣ ለመጪው ዓርብ በሁለተኛው ሩጫ አስገብቷታል። በዚያው ርካሽ ዋጋ። ትናንት በአጥሩ በኩል ሄጄ አየኋት። ገና ምንም አልሆነችም፤ አራቱም እግሯ ቀዝቃዛ ነው፣ ስትራመድ መሬቱን አትፈራውም። የባለቤትነት ፈቃዴ ደግሞ በዚህ ሳምንት መጣ፤ በቤታችን በሴት ስም የወጣ የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። ፓረን «እኔ ስሜ ጠፍቷል፣ ልጨምርልሽ» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። ዓርብ ምሽት ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ የምጨምረው በገዛ እጄ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ከለቅሶ ቤት ወሰደች ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ለቅሶው የኔም ነው፣ የሞተው አባቴ ነው።

ከእንግዲህ ወዲያ ትወደኛለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። ዋጋውን መክፈል እችላለሁ፣ ስድቡንም እችለዋለሁ፤ በሩ ተከፍቶ መስመሩን አልፋ እስክትቆም ያለችውን ያቺን አንዲት ደቂቃ ግን ልገዛት አልችልም። እሷን አንተ ጠብቅልኝ።

ልጅህ፣
ኦሬሊ