የዘመመ ዘንግ

ውድ ዘንጉ፣

ቁመትህን አይቼ ባወጣሁልህ ስም የምጠራህ ቂሜ ስለበረደ አይደለም፤ አርባ ዓመት የለመደ እጅ ሌላ ስም አልጽፍም ስላለኝ ነው። ጤናህን አልጠይቅም። ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ መጥተህ የሆስፒታሉ ዘበኛ ከበር የመለሰህ በእኔ ትእዛዝ መሆኑን ግን እንድታውቅ እወዳለሁ።

ያደረግኸው በጽሑፍ ይኑር። ዳሌዬ ተሰብሮ በተኛሁ በሰባተኛው ሳምንት፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ ብርቱካን ስትልጥልኝ፣ ለልጆቼ ያልነገርኳቸውን ነገርኩህ። ክኒኑን እንደማልውጠው፣ ምላሴ ሥር ደብቄ ነርሷ ስትወጣ በመነጽሬ ማኅደር እንደማኖረው፤ ጧት ዓይኔን ስገልጥ፣ መንጋቱ ራሱ እንደሚያሳዝነኝ። አንተም ልጣጩን በመሐረብህ እየጠቀለልክ፣ "ጋሼ፣ ከእኔ አይወጣም" አልከኝ። አመንኩህ።

በማግስቱ ሐኪሟ ላንተ ብቻ የነገርኩትን ሰምታ መጣች። የልጅ ልጄ እኩያ ናት። ማኅደሩን በትሕትና ጠይቃኝ ከፈተችው፤ አሥራ ዘጠኝ ክኒን አንሶላው ላይ ተዘረገፈ። ስድስት አልጋ ሙሉ ሰው አንገቱን አስግጎ አየ። ከጎኔ የተኛው ልብስ ሰፊ፣ "አባባ፣ መነጽርዎ ይወልዳል እንዴ?" ብሎ ሳቀና፣ የገዛ ቀልዱ አሳፍሮት ወደ ግድግዳው ዞረ። ሐኪሟ ሕመሙ ድብርት እንደሚባል፣ አልጋ ላይ ብዙ የቆየን ሰው እንደሚይዝ፣ እንደሚታከምም አስረዳችኝ። እኔ በሥራ ዘመኔ ያንን ቃል የሰነፍ ሰበብ ነው ብዬ ስንቱን ሠራተኛ ተቆጥቼበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነርሷ ክኒኑን ካስዋጠችኝ በኋላ አፌን እንድከፍት ታዘኛለች። እከፍታለሁ። በአንድ ቃል ሃምሳ ሰው አሰልፍ የነበርኩት ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን ምላሴን አነሣለሁ። ጠላት ቢያደርገው ባልከፋኝ። አንተ ግን የጎን ውጋት ሆንክብኝ።

ትናንት ለአራተኛ ጊዜ መጣህ። ዘበኛው ሲመልስህ እንደ ወትሮው አልሄድክም፤ ዞረህ ከመስኮታችን ትይዩ ከሽቦ አጥሩ ማዶ ቆምክ። "አባባ፣ ያ ሎጋው ዘመድዎ ፀሐይ ላይ ተገትሯል" ያለኝ ልብስ ሰፊው ነው። ላላይህ ምዬ ነበር። ሆኖም በመደገፊያው ብረት እየተጎተትኩ መስኮቱ ድረስ ሄድኩ። አልጮህክም፤ አልለመንክም። ክንድህን ከራስህ በላይ ሽቅብ ዘርግተህ፣ ቀስ አድርገህ ወደ ግራ አዘነበልከው።

ያንን ምልክት ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። በመንገድ ቅየሳ ሥራ መለኪያ ዘንጉን የያዘ ሰው መዝመሙን አያውቅም፤ የሚያውቀው በቅየሳ መነጽሩ ከሩቅ የሚያየው ነው፣ በክንዱም አቅናው ይለዋል። በመጀመሪያው ዓመትህ መነጽሩን ላንተ ሰጥቼ ዘንጉን እኔ የያዝኩ ዕለት፣ መዝመሜን እያየህ ዝም አልክ። የግማሽ ቀን ልኬት ተበላሸ። "አለቃዬ ስለሆኑ አፍሬ ነው" ስትለኝ ምን እንዳልኩህ አልረሳህም፦ "ሹመት ዘንግ አያቃናም። የዘመመ አይተህ ዝም ካልክ፣ መንገዱን ያጣመምከው አንተ ነህ።" ሥራውንም ከሥሩ አስደገምኩህ።

እንግዲህ ቃል የገባኸው ለእኔ፣ ቃልህንም ያፈረስከው በእኔው ትእዛዝ ነው። ይህ ንዴቴን አላበረደውም፤ አባሰው እንጂ። ይቅር አላልኩህም። ነገር ግን ክንድህን ሳይ፣ ሳላስበው ወገቤ ወደ ግራ ቀና አለ። በመስኮቱ መስታወት ያየኸው አይመስለኝምና እኔው እነግርሃለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት እንዲያስገባህ ለዘበኛው ነግሬዋለሁ። ከእኔ ምሥጢር አትጠብቅ። ብርቱካንም አታምጣ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ አትቀመጥ፤ ወንበሩን ከእግሬ በኩል ራቅ አድርገህ ፊት ለፊቴ አኑረው። ከቅርብ ሲያዩኝ መዝመሜ አይታይም።

ገና ያልታረቀህ፣
የቀድሞ አለቃህ