ጥርሱ ወደ ላይ ያለው ቆርኪ

ይድረስ ለልጄ ለአደሴ፣ ሐዋሳ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አቃቂዎች ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የስልኩ ፊደል አድካሚ ስለሆነ በወረቀት፣ በትልልቁ ጻፍኩልሽ።

የላክሽው ዳማ ደርሶናል፤ እጅሽ ይባረክ። ልጅሽ ሳምራ በአምስት ዓመቷ አጨዋወቱን በሦስት ቀን ያዘችው። መጀመሪያ የበላችብኝን ጠጠር "ያሳዝናል" እያለች ትመልስልኝ ነበር፤ አሁን ግን ትፈጀኛለች።

ሰሌዳው ቆንጆ ነው፤ ጠጠሮቹን ግን አስቀምጫቸዋለሁ። ቀዩንና ጥቁሩን እንዲህ አመሳስሎ የሚሠራ ምን ዓይነት ፋብሪካ ነው? ሁለቴ የራሴን ጠጠር በላሁ፤ ሳምራ በሳቅ ፍርስ አለች። ስለዚህ ከግሮሰሪው ደጃፍ ቆርኪ ለቃቅመን፣ የእኔን ጥርሱን ወደ ላይ፣ የሷን ወደ ታች አደረግን። በጣት ዳሰስ ሲያደርጉት ወዲያው ይለያል።

ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቃት፣ ባንቀሳቀሰች ቁጥር "አባባ፣ በግራዎ በኩል መጣሁብዎት" ትለኛለች። ተጋጣሚውን የሚያስጠነቅቅ ተጫዋች አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ እንደዚያ አላስተማርኳትም።

እሷን ከእኔ ጋር ስለተውሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ቤቱ ሞቀልኝ። ስልጠናሽን ሳትጨርሺ ለመምጣት እንዳታስቢ። ጠዋት ትምህርት ቤት ሳደርሳትም በከባድ መኪናው መንገድ አትጨነቂ፤ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ "አሁን" ስትለኝ ነው የምንሻገረው።

የስልጠናሽ ወር ሞልቶ ስትመለሺ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

አባትሽ ሮሪሳ