የቁጥር አራት ሬሳ

ውድ ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልዎት ከአዲሱ የወሊድ ሕንፃ ፊት ለፊት ከተከራየሁት ክፍል ነው። መስኮቴን ስከፍት ምሰሶ ቁጥር አራት ይታየኛል። መቼም አይረሱትም፤ ከመግቢያው በስተግራ፣ የማዋለጃ ክፍሉን ጥግ የተሸከመው ነው። ትናንት የጣሪያውን ታንከሮች በውኃ ሞሉ። ዛሬ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ የማዋለጃ ክፍሉን የውጭ በር በትከሻዋ ስትገፋ አየሁና ወርጄ ጠየቅኋት።

"ምን እንደነካው እንጃ፣ እህቴ። ባለፈው ሳምንት በጣት ነበር የሚዘጋው። ዛሬ ወለሉን ይፍቃል" አለችኝ። ከዚያ ሳቅ ብላ "አዲስ ቤት አይደል፣ ገና ራሱን እያመቻቸ ነው" አለች።

ጋሼ፣ ሕንፃ ራሱን ሲያመቻች ምን ማለት እንደሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ስለ ኤርፖርቱ ቀን ያልተወራ የለም። ከእኔ አፍ ግን ሰምተው አያውቁም። እርስዎም አልጠየቁኝም። ስለዚህ አሁን ይስሙኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ ከመጭመቂያው ማሽን ሥር አልተነሳሁም። ከዚህ ሕንፃ አሥራ ሁለት ምሰሶዎች ተሰርስረው የወጡትን የኮንክሪት ናሙናዎች አንድ በአንድ ጨምቄ ጥንካሬያቸውን እንድለካ ያዘዙኝ እርስዎ ነበሩ። "በአውሮፕላን ተወስዶ ሐሙስ አሠሪው መሥሪያ ቤት መድረስ አለበት፣ እሾሄ። ካንቺ በቀር የማምነው የለም" አሉኝ። እሾሄ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። አሥራ አንዱ ደህና ነበሩ። ቁጥር አራት ግን መቋቋም ከሚገባው ግማሽ እንኳ ሳይደርስ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ዓይኔን አላመንኩም፤ ከዚያው ምሰሶ የወጣውን መንትያውን አምጥቼ ጨመቅሁ። እሱም እንደ ወንድሙ ሆነ።

እኛ ቤተ ሙከራ የተጨመቀ ናሙና ስሙ "ሬሳ" ነው። ስያሜውን መጀመሪያ የሰማሁት ከእርስዎ ነው። "ሬሳዎቹን አንሱ!" ይላሉ። "የማን ሬሳ ነው ጠረጴዛዬ ላይ?" ይላሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከምሳ በፊት ሬሳ ስናነሳ ማንም ሰው ቃሉን ልብ ብሎት አያውቅም።

ሌላም ሥርዓት አለን። ቁጥሩን ማሽኑ በተለየ ቁራጭ ወረቀት ያትማል፣ ውሳኔውን ግን በእጃችን በቀለም እንጽፋለን። "ማሽን ተጠያቂ አይሆንም" ይላሉ። ቃሉንም ከመስመሩ ጠርዝ አስጠግተን እንድንጀምር ያስጠነቅቁናል፤ "ከፊቱ ክፍት ቦታ ከተዋችሁ ሌላ ሰው ይሞላዋል" እያሉ። እኔም ከጠርዙ ጀምሬ "አይለፍ" ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ወረቀቱን እጅዎ ላይ አኖርኩ።

አነበቡት። መነጽርዎን አውልቀው ጠረጉት፤ ደግመው አነበቡት። "ደክሞሻል" አሉኝ። "ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ። ሻንጣውን እኔ አሽግልሻለሁ።" ስመለስ ሻንጣው ታሽጎ፣ ማኅተም አርፎበት ጠበቀኝ። "እንዳትከፍቺው፤ እዚያው እነሱ ይክፈቱት" አሉ። የቁጥር አራት ስባሪ ከነሪፖርቱ ውስጡ ያለ መስሎኝ አንጠልጥዬ ሄድኩ። አባቴ ያሸገልኝ ያህል ነበር ያመንኩት።

ኤርፖርት ስደርስ ቆሜ ነበር የምተኛው። ፍተሻው ጋ ሻንጣውን ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩና በእንቅልፍ ልቤ አገላብጬ ጫማዬን ለፈታሿ ሰጥቼ የመሳፈሪያ ወረቀቴን ማሽኑ ውስጥ ከተትኩ። ፈታሿ ጫማዬን በሁለት ጣቷ ይዛ ስክሪኑን አየችና ፊቷ ተለወጠ።

"እመቤት፣ ሻንጣው ውስጥ ምንድን ነው?"

"ሬሳ ነው" አልኳት።

ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ የራሱን ሻንጣ እጀታ ለቀቀ።

"የማን?"

"የቁጥር አራት።"

"ቁጥር አራት? ስንት ናቸው?"

"አሥራ ሁለት ነበሩ" አልኩ እያዛጋሁ። "አሥራ አንዱ ደህና ናቸው።"

ይህን እየጻፍኩ ራሴም ሳቅሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል ዛሬም ስልክ እየደወለ "ሬሳዋ እንዴት ዋለች?" የሚለኝ አለ። ይሳቅ። ቀጥሎ የሆነውን ግን እሱ አያውቀውም፤ የምናውቀው እኔና እርስዎ ብቻ ነን።

ፈታሾቹ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገብተውኝ በር ዘጉ። አለቃቸው ማኅተሙን ቀደደ፣ ጨርቁን ፈታ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳቁ። "ድንጋይ እኮ ነው! ልጅቷ በድንጋይ ነፍሳችንን አወጣችው!" እኔ አልሳቅሁም። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ናሙና አንድ ጭረት የሌለበት፣ ድፍን፣ ልስልስ ያለ ነበር። ጎኑ ላይ በእኔ የቁም ጽሕፈት አምሳል "4" ተብሎ ተጽፎበታል። በገዛ እጄ ያደቀቅሁት ሬሳ ተነስቶ ፊቴ ቆሟል። እንቅልፌ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ የበረረው ያን ጊዜ ነው።

ሪፖርቱን ከእጃቸው ነጠቅሁ። "ይለፍ" ይላል። ፊርማው የእኔ ነው። ቀለሙም ጽሕፈቱም የእኔ ነው። ቃሉ ግን ከመስመሩ ጠርዝ አንድ ፊደል ያህል ገባ ብሏል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሬ ወደ ብርሃን ከፍ አደረግሁት። "አ" የነበረችበት ቦታ በምላጭ ተፍቆ ሳስቷል፤ የፀሐይ ብርሃን በዚያ በኩል ገብቶ ዓይኔን ወጋኝ።

ሌላው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ። እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ናሙናውን ራሳቸው ቢጨምቁት እንዲያልፍ፣ ከደህናዎቹ ምሰሶዎች ከአንዱ የወጣ ትርፍ ናሙና ከመንትያው የማሽን ቁጥር ጋር ተላከላቸው። እኔ ካመጣሁት ደግሞ የሚጠራጠር አይኖርም። ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው የተሰጠውን ጥቅል አይመረምርም። ይህንንም አስበውበት ነበር፣ ጋሼ? ወይስ ይህቺ እንኳ በአጋጣሚ ናት? አምስት ሳምንት ሙሉ በአጋጣሚ ትሁን እያልኩ ስመኝ ከረምኩ።

እርስዎ ተጠርተው መጡ። ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ሁሉም ተነስቶ ወንበር ለቀቀልዎት። እኔ ግን ከእንቅልፍ እጦትና ከድንጋጤ የተነሳ ከአፌ የወጣው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

"ጋሼ፣ 'አ' የታለች?"

አለቃው ወደ ፈታሿ ዞሮ "ፊደል ነው እንዴ የጠፋባት?" አለ። እርስዎ እጅዎን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። "ይቅርታ አድርጉልን" አሏቸው፣ በዚያ ሁላችን በምንወደው ረጋ ያለ ድምፅዎ። "ልጅቷ ሦስት ቀን አልተኛችም። ትቀባዥራለች።" በሌላው እጅዎ ሪፖርቱን ከእጄ ወስደው ሻንጣው ውስጥ መለሱት። ከዚያ ሻንጣውን አንስተው በቀጣዩ በረራ ራስዎ ይዘውት ሄዱ።

በሳምንቱ "የአእምሮ ዕረፍት ያስፈልጋታል" የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። በወሩ የስንብት ደብዳቤ ተከተለ። ለአሠሪው መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። በመጨረሻ መልስ ሰጡኝ፤ "ጉዳዩን እርስዎ ራስዎ አረጋግጠው ፈርመዋል" ብለው የሪፖርቱን ኮፒ አያይዘው ላኩልኝ። አመሰግናቸዋለሁ። ከጠርዙ ላይ የቀረችው ባዶ ቦታ ኮፒው ላይም ቁልጭ ብላ ትታያለች። በእርስዎ ሥር የተማረ ሰው ሁሉ ሲያያት ምን እንደሆነች ያውቃል። ቃሉን ከጠርዙ ገባ አድርጎ የሚጽፍ ሰው በዚያ ቤት የለም።

የዕቃ ቤታችን ሽማግሌ ደግሞ ባለፈው ማክሰኞ አንድ ጆንያ ተሸክመው በሬን አንኳኩ። "የኔ ልጅ፣ ሬሳ በወሩ መጨረሻ ነው የሚጣለው፤ ይሄን ግን ገና በአራተኛው ቀን ጣለው አሉኝ። ሬሳ ለመቅበር እንዲህ የሚቸኩል ሰው አይቼ ስለማላውቅ አስቀመጥኩት" አሉኝ። ስባሪዎቹ ላይ የእኔ ቁጥር አለ። የሁለቱም መንትዮች። አሁን አልጋዬ ሥር ናቸው።

ሌላ የምነግርዎት አለ። የአከራዬ ልጅ ነፍሰ ጡር ናት። ሐኪሙ ለማክሰኞ ቀጥሯታል። በአዲሱ ሕንፃ የመጀመሪያዋ ወላድ እሷ ስለሆነች ቤቱ ሁሉ ደስ ብሎታል፤ አልጋዋ እንኳ ተነግሯታል፤ አልጋ ቁጥር አንድ፣ ከጥጉ አጠገብ። "በመስኮት እጄን አወዛውዝልሻለሁ፣ እትዬ" ትለኛለች። ከሰዓት በኋላ ሁለት ለሳኞች መጥተው በምሰሶው ላይ የታየችውን ቀጭን መስመር በኖራ ሸፈኗት። አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ነው። መስመሯ ተመልሳ ወጥታለች፤ በአንድ ጣት ስፋት ረዝማለች።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በክብር እንግድነት ሪባኑን የሚቆርጡት እርስዎ እንደሆኑ በሩ ላይ ተለጥፏል። እስከዚያ ጊዜ አለዎት። ታንከሮቹን አስደፍተው፣ በሩን አስዘግተው፣ ያችን አንዲት ፊደል በራስዎ እጅ ወደ ቦታዋ ቢመልሱ ከጎንዎ እቆማለሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ያስተማሩኝን አልረሳሁም።

ካላደረጉት ግን እኔ እመጣለሁ። ጆንያውን ተሸክሜ፣ ኮፒውን ይዤ፣ በዋናው በር እገባለሁ። ጥበቃዎቹ እንደሚያስቆሙኝ አውቃለሁ። "ምን ይዘሻል?" ይሉኛል። በእንግዶቹ ሁሉ ፊት፣ እርስዎ መቀሱን እንደያዙ፣ ያንኑ መልስ እሰጣቸዋለሁ።

ትቀባዥራለች እንዳይሉ ግን ዛሬ በጊዜ እተኛለሁ።

እሾህዎ