አሥራ ስምንተኛው ማሳ

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናህን ነገር እጠይቃለሁ። እንቅልፍህስ? ሳልህስ? በሬዎቹስ? ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ሰነበተ? እኔ ደህና ነኝ። ይህንንም የጻፍኩት ያንተን ትምህርት ይዤ ነው፤ አንተ ትኩሳት ይዞህ እንኳ ለጠያቂ እንደ ብረት ነኝ ትል የለ? እኔም እንደ ብረት ነኝ፤ ትንሽ የዛገ ብረት።

የምነግርህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። በሁለቱም ጊዜ ስለ ዝናቡ ጠየቅኩህ፣ ስለ ዝናቡ ነገርከኝ፣ ተሰነባብተን ዘጋን። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ። ደብዳቤ ሲሆን መሃል ላይ አቋርጠህ በልተሻል ወይ ልትለኝ አትችልም። በልቻለሁ።

ይህን የምጽፍልህ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከምንጋራው ክፍል ሆኜ ነው። ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፤ መስኮቱም ቀለም ሲቀባ አብሮ ተጣብቆ አይከፈትም። የወንበሬ መደገፊያ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል፣ በገመድ አስሬዋለሁ። ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ገበሬን በቅርብ አይቶ አያውቅም፤ ግን ገበሬ በሬውን መቼ እንደሚሸጥ የሚናገር ሁለት ገጽ ቀመር አለው። አባቴ በሬ የሸጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ተናዶ ነው ስለው፣ ንዴት ስለማይለካ ከቀመሩ ውጭ ነው አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ሦስት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ ዓይኔም ልቤም ደከመ። ሰው ሲደክመው ይተኛል፤ የኔ ድካም ግን አብሮኝ ተኝቶ አብሮኝ የሚነሳ ሆኗል።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው አጨዳ ለጥናቴ የመጣሁበትን ሥራ ታስታውሳለህ። አርባ ማሳ፣ ዘጠኝ ቀን። አንተ በገዛ እጅህ የሠራህልኝን ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ክፈፍ ተሸክመህ ከፊት፣ እኔ ወረቀትና ሚዛን ይዤ ከኋላ። በዕጣ የወጣውን ቁጥር አነብልሃለሁ፤ አንተ ከማሳው ጥግ ተነስተህ ያን ያህል እርምጃ በዳር፣ ያን ያህል ወደ ውስጥ ትሄዳለህ፤ እግርህ በቆመበት ክፈፉን ታኖራለህ። በክፈፉ ውስጥ ያለውን ስንዴ አጭደን፣ ወቅተን እንመዝናለን። ዕጣው ራሰ በራ መሬት ላይ ቢጥለንም ያው ራሰ በራው ይመዘናል። የጥናቱ ሃይማኖት ይህች ብቻ ናት።

በሦስተኛው ቀን የአዋላጇ ማሳ ገባን። እኔንም ስወለድ በእጇ የተቀበለችኝ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትፍጨረጨረው አዋላጅ። ቁጥሩ ውሃ የተኛበት ቦታ ላይ ጣለን፤ አሥር ዛላ እንኳ አልነበረበትም። እሷ ዳር ቆማ ታያለች። አንተ እሷን አየሃት፣ ክፈፉን አየኸው፣ ጉሮሮህን ጠረግክና ሰባት እርምጃ ወደ ደህናው ስንዴ ወሰድከው። ኋላ መንገድ ላይ፣ እኔ ምንም ሳልጠይቅህ፣ የሰው ገመና ሚዛን ላይ አይወጣም አልከኝ።

አይቼሃለሁ፣ አባዬ። ያላየሁ መስሎህ ከሆነ አይቼሃለሁ። ወረቀቴ ላይ አቀርቅሬ የምጽፍ መስዬ ነበር። ዝም ያልኩት አንተን ላለማሳፈር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። እውነቱ ግን፣ ጥሩ ምርት እፈልግ ነበር። አዲሱ ዘር ከአሮጌው ይበልጣል ብዬ ገና ከመምጣቴ በፊት ጽፌያለሁ፤ አንተ ክፈፉን ባንቀሳቀስክ ቁጥር የኔ ጽሑፍ እያማረበት ሄደ። በዚያ ላይ አርባ ማሳ በዘጠኝ ቀን ጥድፊያ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ተፈታም። ከሁለት ወር በፊት አማካሪዬ ፊቱ በርቶ መጣና የግብርና ቢሮው ቁጥርሽን ሥራ ላይ አዋለው አለኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሲያመሰግነኝ የመጀመሪያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። በዚያው ሳምንት ያንተ ደብዳቤ ደረሰኝ። መጨረሻው መስመር ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ ሰፈራችን ደህና አምርቷል ተብሎ ዘንድሮ የዘር እርዳታ እንደቀረበት፣ አዋላጇም ለዘር ያስቀመጠችውን በልታ እንደጨረሰች፣ ነገር ግን እንዳልከፋት ጽፈሃል። እንዴት አይከፋት? ደህና አምርቷል ያለው ማን ሆነና? እኔ ነኝ። በእሷ ማሳ ላይ ቆሜ፣ ውሃ አጠጥታኝ፣ ጉንጬን ስማ ሸኝታኝ።

ጽሑፌን በፈታኞች ፊት ቆሜ ለምከላከልበት ቀን፣ ለዲፌንስ፣ የቀረኝ አምስት ሳምንት ነበር። ዝም ብል ኖሮ እመረቅ ነበር፤ ማንም አያውቅም። አንተም ፎቶዬን ግድግዳ ላይ ትሰቅል ነበር። ምስማሩን ከወዲሁ እንደመታኸው አዋላጇ በስልክ ሹክ ብላኛለች። ከሁሉ የከበደችኝ ይህች ምስማር ናት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሞከርኩ፤ ሆድ አልፈጀውም።

ተቀምጬ ማሳዎቹን አንድ በአንድ መረመርኩ። በእጄ የያዝኩት ጂፒኤስ ክፈፉ ያረፈበትን ቦታ ሁሉ መዝግቧል። ዕጣው ካዘዘው ቦታ ጋር በሳተላይት ፎቶ ላይ አስተያየሁት። ፎቶው ከሰማይ የተነሳ ነው፤ የተዘራው አረንጓዴ፣ ያልታረሰው ግራጫ ሆኖ ይታያል። ከአርባው አሥራ አንዱ አልገጠመም። አንዱ የአዋላጇ ነው። ሌላው አሥራ ስምንተኛው ነው።

አሥራ ስምንተኛው ያንተ ነው። ሃምሳ ስምንት እርምጃ ወደ ውስጥ ብዬህ ነበር፣ ታስታውሳለህ? ጮክ ብለህ እየቆጠርክ ሄድክ። ከሠላሳ በኋላ ግን እርምጃህ እንደ ሕፃን እርምጃ እያጠረ፣ ገና መሃል ስንዴው ውስጥ ሳለን ሃምሳ ስምንት ብለህ ክፈፉን ጣልከው። ከዚያ ወዲያ እባብ አለ አልከኝ። የተመረጠውን ስንዴህን ልታሳየኝ መስሎኝ በሆዴ ሳቅኩ። የዚያን ማሳ ፎቶ አምና፣ ካቻምና እያልኩ ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት፤ ግራጫው በየዓመቱ ከዳር ወደ መሃል እየገፋ መጥቷል። ከዚያ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁና ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ስለሱ ሌላ የምጽፈው የለኝም። በየደብዳቤህ ማሳው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው ትለኛለህ፤ እሺ፣ አረንጓዴ ነው። ብቻ በዚያ ዘጠኝ ቀን በየድንበር ድንጋዩ ላይ እየተቀመጥክ አገሩን ተመልከች ስትለኝ፣ እኔ ሞኟ አገሩን ስመለከት ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አማካሪዬ ቢሮ ገባሁ። ክፈፉን ያንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ አልኩት። አትቆጣ፤ የመዘገብኩትም የፈረምኩትም እኔ ነኝ። መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ጠረገው። ስንት ማሳ አለኝ፤ አሥራ አንድ አልኩት። ለምን አለኝ፤ ደክሞኝ ነበር አልኩት። እሱም የደከመው ይመስለኛል፣ አልጮኸብኝም። ዲፌንሱ ቀርቷል። ስኮላርሺፑ በዚህ ሴሚስተር ያበቃል። እንደገና ልለካ ካልሽ አንድ አጨዳ እጠብቅሻለሁ፣ ግን በራስሽ ወጪ ነው ብሎኛል። ቁጥሩ ስህተት እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ለግብርና ቢሮው አብረን ጽፈን፣ እኔው ወስጄ አስገባሁ። የተቀበለችኝ ጸሐፊ ማህተም መታችበትና ከክምሩ ላይ ጣል አደረገችው። ዘሩ ለዘንድሮ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ለአዋላጇ አንተ እንዳትነግርልኝ፤ እኔው መጥቼ ዓይኗን እያየሁ እነግራታለሁ።

ስለዚህ እመጣለሁ። እርሻ ሳይጀመር እደርሳለሁ። እስከ አጨዳ ምን ትሠሪያለሽ እንዳትለኝ፤ በዚህኛው ጥናት ከእርሻው ጀምሮ በእጄ መሥራት አለብኝ። ምስማሯንም አትንቀላት፤ እስከዚያ ባርኔጣህን ስቀልባት።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። ከእባቡ ወዲያ ያለውን የማሳህን ክፍል እኔ እስክመጣ ማንም እንዳይነካው፤ አንተም ጭምር። ያልታረሰ መሬት ለማነጻጸሪያ ያስፈልገኛል። መሬትህ ለምን ጦሙን አደረ የሚል ጎረቤት ቢኖር፣ ልጄ ናት ያዘዘችኝ፣ የጥናቱ ደንብ ነው በለው። የትኛው መጽሐፍ ላይ እንዳለ አትጠይቀኝ።

ፈጣሪ እግርህን ከእሾህ፣ ወገብህን ከቁርጥማት፣ ደጅህን ከክፉ ወሬ ይጠብቅልኝ። እኔንም በሰላም አድርሶ እጅህን ለመሳም ያብቃኝ። በመጪው አጨዳ ሥራችንን እንለዋወጣለን፦ ክፈፉን እኔ እሸከማለሁ፣ እርምጃውንም እኔ እቆጥራለሁ። አንተ ድንበር ድንጋዩ ላይ ተቀምጠህ ቁጥሩን ታነብልኛለህ።

አይታ ዝም ያለችው ልጅህ