ጫልቱዬ፣ ትክትክ ሰፈራችን ገብቶ ነበር

የልጆቼ እናት ጫልቱዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ነው። እናትሽ ከኡኬ መጥተው አብረውን ናቸው። ሲፈናችን ድክ ድክ ማለት ጀምራለች፤ እሳቸውን እንደ እናት «አዮ» ብላ ስትጠራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ታላቋ ልጃችን ሌንሴ ታማ የነበረች ጊዜ ትዝ ይልሻል? ሳሉ ሲነሣባት ከንፈሯ ይጠቁር ነበር። የአህያ ወተት አጠጣናት፤ አልሆነም። ነቀምቴ ለሕፃናት የትክትክ መከላከያ መርፌ እንደሚሰጥ የሰማነው ከቀበርናት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕፃን ያለበትን ቤት ሳታንኳኪ አታልፊም ነበር። ጎረቤታችን አስካለ «መርፌው ልጄን ያተኩስብኛል» ብትልሽ፣ «ትኩሳቱ ሲነጋ ይለቃል፤ ለእኔ ሌንሴ ግን አልነጋላትም» አልሻት። ተቀየመችሽ፤ ሰላምታም ነሳችሽ።

የሲፈን ሦስተኛ መርፌ ሳይደርስ አንቺን ተስቦ ወሰደብኝ። ቀኑ ሲደርስ ልጃችንን አቅፌ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ከእናቶቹ መካከል ወንድ እኔ ብቻ ነበርሁ። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

ባለፈው ክረምት፣ በጃንሆይ ልደት ሰሞን፣ ትክትክ ሰፈራችን ጨለለቂ ገባ። ያ የምናውቀው ሳል ከየቤቱ ይሰማ ጀመር። ሲፈንም ሳለች፤ በኩራዝ ከንፈሯን ሳይ አደርሁ። ግን ትንፋሽ አላጠራትም፤ በልታ ተኛች፣ ዳነችም። የአስካለ ትንሹ ልጅ ጌታሁን አልተረፈም። ቀብሩ ላይ ስታየኝ «ጫልቱ ነግራኝ ነበር» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስሁ።

ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሴት ልጅ ወለደች። ትናንት ሕፃኗን ታቅፋ መጣችና «መምህር፣ ጤና ጣቢያ አብረውኝ ይሂዱ፤ ብቻዬን ፈራሁ» አለችኝ። አብረን ሄድን። ድሬሰሩ መርፌውን ሲያዘጋጅ እጄን ጨምድዳ ያዘች። ሕፃኗ ስትጮህ አስካለ ዓይኗን ጨፍና፣ እናትሽ ሲያለቅሱ እንደሚሉሽ፣ በኦሮምኛ «ጫልቱ ኮ»፣ ጫልቱዬ፣ አለች፤ በዚያ በጎጃም አነጋገሯ። ወረፋ የያዙት እናቶች ማንን እንደምትጠራ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው።

የጠየቀኝን ሁሉ እንዲሁ እነግራለሁ፣ ጫልቱዬ። ሲፈንም ከፍ ስትል እህት እንደነበረቻት፣ እናቷም ስለ ሰው ልጅ ብላ በየሰዉ ደጅ እንደቆመች ከእኔ አፍ ትሰማለች። ሌንሴን እቀፊልኝ።

ባልሽ