የአቦ ምንጭ ጠባቂ አስፈላጊ ሰው አለመሆናቸውን ላረጋገጡልን ሰብሳቢ

መስከረም 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ገሠሠ
የአስታ ሜዳ ቀበሌ የወረርሽኝ መከላከል ግብረ ኃይል ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከረሙ? የክረምቱ ጉምና ብርድ፣ አብሮት የመጣው ደዌ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የስብሰባው ብዛት ጤናዎን እንዳልጎዳው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የአቦ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን፣ ወረርሽኙ በቁጥጥር ሥር መዋሉን ባለፈው እሑድ በድምፅ ማጉያ ከሰማሁ ወዲህ፣ ግብረ ኃይሉን ሳላመሰግን ብቀር ነውር ይሆንብኛል ብዬ ይህን ጻፍሁ። በአደባባይ መጻፌን አይቀየሙኝ፤ በእጅ የማቀርብልዎ ማመልከቻ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ስለሚደርስዎ ነው።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ስም ዝርዝሩ ነው። በሐምሌ መጨረሻ አተት የሚሉት አጣዳፊ ተቅማጥ አምስት ቤት ገብቶ ሁለት ሰው ሲገድል፣ የቀበሌያችን መግቢያና መውጫ በገመድ እንዲዘጋ፣ ሰውም ለሃያ አንድ ቀን ከደጁ እንዳይርቅ፣ የይለፍ ወረቀት የሚሰጠውም ለ"አስፈላጊ ሠራተኞች" ብቻ እንዲሆን ወሰናችሁ። የአስፈላጊዎቹ ስም በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሲለጠፍ ቆሜ አነበብሁት። ካቢኔው በሙሉ አለበት። የአንድ ለአምስት መሪዎች አሉበት። "እጃችሁን ታጠቡ" እያለ በድምፅ ማጉያ የሚዞረው ሰው አለበት፤ ባትሪ የሚያቀብለውም ለብቻው ተመዝግቧል። ለክትትል ለሚመጡ እንግዶች ሙክት መርጦ የሚያርደውም አልተረሳም። ፍልሰታ ገብታ አገሩ ሁሉ ሲጾም እንኳ የእሱ ወረቀት እንደጸና ነበር። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በየትም አይገኝም።

ሁለተኛው ስለ አቶ ወልደ ጻድቅ ነው። እርስዎ ወደ እኛ ከመጡ ገና ሁለት ዓመትዎ ስለሆነ ማንነታቸውን ላስረዳ። ዕድሜያቸው ስልሳ ስምንት ነው። መንደሩ በሙሉ የሚቀዳው ከአቦ ምንጭ ሲሆን፣ ምንጩን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቁት እሳቸው ናቸው። ማለዳ አጥሩን ከፍተው ሴቶቹን ያስቀዳሉ፤ በጉንና አህያውን ወደ ታችኛው ገንዳ ይመልሳሉ። ዋናው ሥራቸው ግን በክረምት ነው። ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ አንድ ቦይ አለ፤ ከመንደሩ የሚወርደው ጎርፍ የሰውና የከብት እድፍ ይዞ ምንጩ ውስጥ እንዳይገባ ወደ ገደሉ የሚመልሰው ይህ ቦይ ነው። ደለል በየቀኑ ይሞላዋል፤ እሳቸው በየቀኑ በዶማ ይጠርጉታል። ቀጣሪ የላቸውም። ይህን ሥራ ስጧቸው ያለ ሰው የለም፤ ተዋቸው ያለም እስከ ሐምሌ ድረስ አልነበረም።

ገመዱ ሊወጠር አንድ ቀን ሲቀረው፣ የይለፍ ወረቀት እንዲሰጣቸው ማመልከቻ ጽፌላቸው አብሬያቸው ወደ እርስዎ መጣሁ። ማመልከቻውን አነበቡና "የቅጥር ደብዳቤ አለዎት?" ብለው ጠየቋቸው።

"የለኝም ጌታዬ።"

"ታዲያ በምን ሠራተኛ እንበልዎ?"

"ሠራተኛ ባትሉኝም ግዴለም። ቦዩ ግን አንድ ቀን ካደረ ይደፈናል።"

"አባቴ፣ ውሃ መውረጃውን ራሱ ያውቃል። እርስዎ ቤትዎ ይረፉ።"

ስለ እረፍቱ እኔም በእሳቸው ስም አመሰግናለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያቸው ነበር። እሳቸው ግን ማረፍ አልለመዱምና በማግስቱ ዶማቸውን ይዘው ወጡ። ሚሊሻው ይሥሐቅ ከመንገድ መለሳቸው፤ "አባባ፣ እኔም የምጠጣው ከዚያው ነው፣ ግን ታዝዣለሁ" አላቸው። በሦስተኛው ቀን ደግመው ሲሞክሩ ዶማውን ወሰደባቸው። ከዚያ ወዲያ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከደጃቸው ቆመው ሽቅብ ወደ ተዳፋቱ ያያሉ። ቤታችን ትይዩ ስለሆነ እኔ ደግሞ እሳቸውን አያለሁ። እንዲህ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመን ዝናብ ስናይ ሰነበትን።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ቦዩ ተደፍኖ ኖሮ ጎርፉ በአጥሩ ላይ አልፎ ምንጩ ውስጥ ገባ። ውሃ መቅዳት እንዳልተከለከለ ያስታውሳሉ፤ ከየቤቱ አንዲት ሴት በጠዋት እንድትቀዳ ፈቅዳችሁ ነበርና ስለዚህም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ጠጄ በማግስቱ እንስራዋን አውርዳ፣ "መሪጌታ፣ ውሃው አተላ መስሏል" አለችኝ።

"አጥልይው" አልኋት።

በነጠላዋ አጠለለችው። አፍልታው ቢሆን በተሻለ ነበር፤ ነገር ግን ኩበቱ በዝናቡ ርሶ፣ የተረፈችውን ደረቅ ለወጥ ነበር የምንቆጥባት። ይህንን የምነግርዎ የእኔም ጥፋት እንዳለበት ስለማውቅ ነው። "አጥልይው" ያልኋት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጀመራት፤ ቀትር ሳይሆን ዓይኗ ሰርጉዶ፣ የእጇ ቆዳ ተጨማዶ ሌላ ሰው መሰለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጭቃውን ረግጣ መጥታ ሕይወት አድን የሚባለውን ዱቄት ሰጠችን፤ እግዚአብሔር ይስጣት። ዱቄቱንም ከዚያው ከአቦ ምንጭ በተቀዳ ውሃ በጠበጥንላት። ሌላ ውሃ አልነበረንም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ቃሬዛው ነው። ሐኪም ቤት ለመድረስ በእግር ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ በዚያ ዳገት ላይ ቃሬዛ እየተቀባበለ የሚሸከም ከስምንት ያላነሰ ሰው ያስፈልጋል። የእድራችን ሰዎች ከየደጃቸው "እኛ ዝግጁ ነን፣ ወረቀት ብቻ ይምጣልን" ብለው ተጣሩ። ማመልከቻዬን በይሥሐቅ እጅ ላክሁ። ግብረ ኃይሉ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ሁለተኛም ላክሁ። ጠጄ ሲመሽ አካባቢ "ውሃ" አለችኝ፤ እኔም ያንኑ ሰጠኋት። ወረቀቱ በማግስቱ ጠዋት ደረሰ፤ "ለአስቸኳይ ጉዳይ ለአራት ሰዎች የተፈቀደ" ይላል፤ ክብ ማኅተሙም በደንብ አርፎበታል። በዚያው ወረቀት ቀበርናት። አራት ሆነን ተሸከምናት፣ አራት ሆነን ጸለይንላት፣ አራት ሆነን አፈር አለበስናት። ለስንቱ ሰው መንደር ሙሉ ሕዝብ ከብቦኝ ያዜምሁትን ለእሷ ጀመርሁት፤ የቀረውን ግን ከአራታችን አንዱ የነበሩት ቄስ ጨረሱልኝ።

ከበረዶው በኋላ አሥራ አንድ ሰው ቀበርን።

አራተኛ የምለው ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ። በምትኩ ገመዱ የተፈታ ዕለት የሆነውን ልንገርዎ። ለልቅሶ ከሁሉ ቀድመው የመጡት አቶ ወልደ ጻድቅ ነበሩ። አልተቀመጡም፤ ከበሩ ጀምረው ተንበርክከው መጡና እግሬን ያዙ።

"መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቦዩን አልጠረግሁላትም።"

"እርስዎ ምን አደረጉ? ተከልክለው አይደል እንዴ?"

"ቢያስሩኝስ? ታስሬም ቢሆን መሄድ ነበረብኝ።"

አንስቼ አቀፍኋቸው። ክቡር ሆይ፣ እስከ ዛሬ ስለ ጠጄ ሞት ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህን የምጽፈው እርስዎም ይጠይቁኛል ብዬ አይደለም፤ የሥራዎን ብዛት አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ ጽሕፈት ቤታችሁ የምንጭ ጥበቃ ሠራተኛ ሊቀጥር ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ለዚህም መመስገን ይገባችኋል። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ያልበለጠ ይላል። አቶ ወልደ ጻድቅ ማንበብ ስለማይችሉ ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ "መልካም ነው፤ ወጣት ከሆነ ቶሎ ቶሎ ይጠርጋል" አሉ። ከዚያም ቦዩ በየት በየት በኩል ቶሎ እንደሚደፈን ለሚመጣው ልጅ እንድጽፍለት ለመኑኝ። ጽፌዋለሁ። ለማን እንደምሰጠው ግን አላውቅም፤ ቦታው እስከ ዛሬ ሰው አልተቀጠረበትም፣ ዝናቡም ገና አላባራም።

በሰበሰቡት ጉባኤ ሁሉ ቃል እንዳያጥርዎ፣ በተቀመጡበት ማዕድ ሁሉ ንጹሕ ውሃ እንዳይለይዎ፣ ወረቀት የሚያሻው ችግርም ከደጅዎ እንዳይደርስ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ በታች ካለው ከዚሁ መንደር እጅ የምነሣ፣

መሪጌታ መርስዔ ኃዘን

ከፈረምሁ በኋላ የታወሰኝ፦ ባለፈው ሳምንት የእርስዎ መዝጋቢ የሟቾችን ዝርዝር ሊያሟላ ቤቴ መጥቶ ነበር። "የሟች ሥራ?" አለኝ። በጉን እንደምትሸልት፣ ሱፉን እንደምትፈትል፣ የሁለት አራስ ጎረቤቶቿን ውሃ ጨምራ እንደምትቀዳ፣ ለአቦ ማኅበር ጠላ እንደምትጠምቅ ነገርሁት። አዳምጦኝ ሲያበቃ "የላትም" ብሎ ጻፈ። ስለዚህ በሪፖርትዎ ላይ "አንድም አስፈላጊ ሠራተኛ አልሞተብንም" ያሉት እውነት ነው፤ ቢጠየቁ እመሰክርልዎታለሁ።